እንጦጦን ከላይ ጀምሩት

ከደብረ ብርሃን ለአንድ ቀን ወደ እንጦጦ ፓርክ የምትሄዱ፣ ከታች በእግር አትጀምሩ። 130 ኪሎ ሜትር ያህል በመኪና ተቀምጣችሁ መጥታችሁ ወዲያው ዳገት ከያዛችሁ፣ ዋናው ነገር ጋ ስትደርሱ ጉልበት አልቋል። ፎቶ ተነስቶ መመለስ ብቻ ይሆናል።

አዲስ አበባ ላምበረት መናኸሪያ እንደወረዳችሁ፣ እንጦጦ ግርጌ ወዳለው ሽሮ ሜዳ ሂዱ። ከዚያ በታክሲ እስከ እንጦጦ ማርያም ውጡ። አፄ ምኒልክ በ1882 ዓ.ም. ዘውድ የጫኑት እዚህ ነው። አጠገቡ ሙዚየም አለ፤ የእሳቸውና የእቴጌ ጣይቱ የጭቃና የእንጨት ቤተ መንግሥትም እዚያው ነው። ቤተ መንግሥት ሲባል ትልቅ ነገር ለጠበቀ ሰው ትንሽነቱ ይገርማል። ይህን ሳትደክሙ እዩት። ከዚያ ፓርኩን ባሕር ዛፍ እያሸተታችሁ ቁልቁል ቀስ እያላችሁ ዙሩት።

ቦታው ከ3,000 ሜትር በላይ ነው፣ አየሩ ሳሳ ይላል። እኛ ደገኞች ለምደነዋል እንላለን፤ ዳገቱ ግን ዳገት ነው። ጋቢም አትርሱ፣ ነፋሱ ከኛ አይተናነስም።

ሌላው ጥቅም፣ ስትወርዱ መጨረሻችሁ ሽሮ ሜዳ ነው። የሀበሻ ልብስ ያኔ ግዙ፤ ቀኑን ሙሉ ፌስታል ማንጠልጠል ቀረ።

ጉልበቱን የሚያመው ሰው ግን ይህን አይሞክር፤ ቁልቁለት ይብስበታል፣ በታክሲ ይመለስ። በክረምትም ጭቃው ያንሸራትታል። ደግሞ ለማቋረጥ ብላችሁ ከመንገዱ ወጥታችሁ ብቻችሁን ጫካ አትግቡ።