የክላስተሩ መሪ የሚቀያየርበትን ምክንያት አገኘሁት
ኩበርኔቲስ (ፕሮግራሞችን በብዙ ሰርቨሮች ላይ የሚያስተዳድር ሥርዓት) መረጃውን የሚያስቀምጠው ኢቲሲዲ በተባለ ዳታቤዝ ነው፤ ኢቲሲዲ ክላስተር ሆነው አብረው በሚሠሩ ሰርቨሮች ላይ ይሠራል፣ ከእነሱም አንዱ መሪ ነው። ሥራ ሲበዛ ይህ መሪ ይቀያየር፣ የኩበርኔቲስ ትእዛዞችም ያለመልስ ይቀሩ ነበር። ኔትወርኩን ጠርጥሬ ሁለት ቀን በከንቱ ለፋሁ። ሎጉ (ፕሮግራሙ የሚጽፈው የሥራ መዝገብ) ግን «መሪው የልብ ትርታውን በጊዜው አልላከም፤ ምናልባት ዲስኩ ዘግይቶ ይሆናል» ይላል። (የልብ ትርታ መሪው ለሌሎቹ ሰርቨሮች «አለሁ» እያለ የሚልከው መልእክት ነው።)

ነገሩ እንዲህ ነው፦ ኢቲሲዲ ለውጡ ዲስክ ላይ መጻፉን ሳያረጋግጥ አያጸድቅም። እኛ ደግሞ የፕሮግራሞቹን ሎግ እዚያው ዲስክ ላይ እናጉር ነበር። መሪው በየ100 ሚሊሰከንዱ መላክ ያለበት ትርታ ይዘገያል፤ ሌሎቹ ሰርቨሮች 1000 ሚሊሰከንድ ያህል ጠብቀው አዲስ መሪ ለመሰየም ምርጫ ይጠራሉ። (ቁጥሮቹ ካልቀየሯቸው የሚሠሩት ናቸው።)

የምርጫውን ጊዜ ማርዘም ይቀል ነበር፤ ግን በሽታውን መሸፈን መሰለኝ። ለኢቲሲዲ የብቻው ኤስኤስዲ (ፈጣን ዲስክ) ሰጠሁት። አራተኛውን የክላስተር አባል (ሰርቨር) አወጣሁ፤ 3ም ሆኑ 4 የሚችሉት የአንድ ሰርቨር መውደቅ ብቻ ነውና። ያ የሎግ መስመር ከዚያ ወዲህ አልታየም።