ሶፍትዌር ቴስት በኮንቴይነር ይሻላል በክላውድ? እንዴት እንደምትመርጡ

የኔን አቋም አስቀድሜ ልናገር፣ በኮንቴይነር (አፑን ከሚያስፈልገው ነገር ሁሉ ጋር ለይቶ ማሽናችሁ ላይ የሚያስነሳ ሳጥን በሉት) ጀምሩና ኮንቴይነር የማይችለውን ብቻ ወደ ክላውድ (በኢንተርኔት የምትከራዩት የሌላ ድርጅት ማሽንና ስልክ) ላኩ። ሁሉን ነገር ክላውድ ላይ የጫነ ቲም ኔትወርክ በጠፋ ቁጥር ስራ ይፈታል፣ ክፍያውም በዶላር ነው።

መጀመሪያ ያሏችሁን ቴስቶች ዘርዝሩና በየአንዳንዱ ላይ "ይሄ የግድ እውነተኛ ስልክ ወይ ሳፋሪ (የአፕል ብራውዘር) ይፈልጋል?" ብላችሁ ጠይቁ። ካልፈለገ ኮንቴይነር ነው። ዩኒት ቴስት (የኮዱን ትንንሽ ክፍል ለየብቻ የሚፈትን)፣ ኤፒአይ (ፕሮግራሞች የሚነጋገሩበት በር)፣ ዳታቤዝ፣ በክሮምና በፋየርፎክስ የሚሮጥ ሁሉ እዚህ ይገባል። ሳፋሪን ግን ዶከር (ኮንቴይነር የሚያስነሳው ፕሮግራም) ውስጥ ለማስነሳት አትድከሙ፣ የሚሰራው የአፕል ሲስተም ላይ ብቻ ነው። ፕሌይራይት የሚባለው የቴስት መሳሪያ ይዞት የሚመጣው ዌብኪት (የሳፋሪ ሞተር) ይቀርበዋል እንጂ አይፎን ላይ ያለው ሳፋሪ ራሱ አይደለም።

ከዛ ዶከር ጫኑና አፑን፣ ዳታቤዙን፣ ብራውዘሩን በአንድ ኮምፖዝ ፋይል (ብዙ ኮንቴይነር አብሮ የሚነሳበት ዝርዝር) አስነሱ። የኢሜጁን (ኮንቴይነሩ የሚነሳበት ዝግጁ ጥቅል) ቨርዥን በቁጥር ጻፉ፣ "ሌተስት" (የቅርቡ) ብላችሁ አትተዉት።

ሰው ሁሉ የሚቸገረው እዚህ ጋ ነው፦ ቴስቱ አንዴ ያልፋል አንዴ ይወድቃል፣ ኮዱ ግን አልተነካም። ብዙ ጊዜ ምክንያቱ ዳታቤዙ ሳይደርስ ቴስቱ መጀመሩ ነው። ኮምፖዝ ላይ "ዲፔንድስ ኦን" (ይሄ ከዛኛው በኋላ ይነሳ የሚል ትእዛዝ) ብቻ ብትጽፉ ኮንቴይነሩ መነሳቱን እንጂ ውስጡ ያለው ዳታቤዝ መዘጋጀቱን አይጠብቅላችሁም። ስሊፕ (ዝም ብሎ መጠበቅ) 10 ሰከንድ ጨምሮ መገላገል የሚባለውን ነገር እኔ በጭራሽ አልመክርም፣ ፈጣን ማሽን ላይ ጊዜ ይበላል ቀርፋፋው ላይ ደግሞ አሁንም ይወድቃል። ሄልዝቼክ (ዳታቤዙን ዝግጁ ነህ ወይ እያለ የሚጠይቅ ትእዛዝ) ጻፉና ቴስቱ ዳታቤዙ "ሄልዚ" እስኪሆን እንዲጠብቅ አድርጉ።

ዳታቤዛችሁ ፖስትግሬስ ከሆነ ደሞ ሌላ ወጥመድ አለ። ኦፊሻል ኢሜጁ ዳታው ባዶ ሆኖ ሲነሳ መጀመሪያ ጊዜያዊ ሰርቨር አስነስቶ ዝግጅቱን ይጨርስና አጥፍቶት ዋናውን ያስነሳል፣ ሄልዝቼኩ በዛች መሃል ከጠየቀ "ዝግጁ ነኝ" የሚል መልስ ያገኝና ቴስቱ ሲገባ ግንኙነቱ ይቋረጣል። ጊዜያዊው ሰርቨር በኔትወርክ አይሰማም፣ ስለዚህ ሄልዝቼኩ ሆስቱን 127.0.0.1 (የኮንቴይነሩ የራሱ የኔትወርክ አድራሻ) ብሎ እንዲጠይቅ ካደረጋችሁት ዋናውን ብቻ ነው የሚያገኘው።

ክሮም በመሃል ክራሽ ካደረገ ሼርድ ሜሞሪውን (ፕሮግራሞች በጋራ የሚጠቀሙበትን ሜሞሪ) እዩ፣ ዶከር በዲፎልት የሚሰጠው 64 ሜጋባይት ብቻ ነው፣ ወደ 2 ጊጋባይት ከፍ አድርጉት።

አማርኛ ያለበት ሳይት የምትሰሩ ስክሪንሾቱ ላይ በፊደል ፈንታ ባዶ ሳጥን ካያችሁ ኮዳችሁን አትነካኩ፣ ኢሜጁ ውስጥ የግዕዝ ፎንት ስለሌለ ነው። ዴቢያን (ብዙ ኢሜጅ የሚሰራበት ሊኑክስ) ላይ ኖቶ ኮር የሚባለውን የፎንት ፓኬጅ ጫኑ። የኮንቴይነሩ ሰዓትም ዩቲሲ (ዓለም አቀፉ መነሻ ሰዓት) ነው፣ አዲስ አበባ 3 ሰዓት ትቀድማለች፣ ስለዚህ በኛ አቆጣጠር ከሌሊቱ 6 እስከ 9 ሰዓት ድረስ ኮንቴይነሩ የሚያሳየው የትናንትን ቀን ነው። ቀን የሚያሰላ ቴስት ካላችሁ ታይምዞኑን አስተካክሉ።

ለክላውድ የሚተርፈው እንግዲህ ሳፋሪና እውነተኛ ስልክ ነው። ብራውዘርስታክ፣ ሶስ ላብስ፣ ለአንድሮይድ ደግሞ ፋየርቤዝ ቴስት ላብ የሚባሉ አገልግሎቶች አሉ። ማሽናችሁ ላይ ብቻ ያለ ሳይት ከሆነ በተነል (ከማሽናችሁ ወደ ክላውዱ በሚዘረጋ ድብቅ መስመር) አገናኙት። እባካችሁ የእውነተኛ ደንበኛ ስምና ስልክ ቁጥር እዛ አትላኩ፣ የሰው ዳታ ነው፣ የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016ም አለ፣ የፈጠራ ዳታ ይበቃል።

የኮንቴይነሩን ቴስት ኮድ ወደ ቲሙ የጋራ ማከማቻ በተገፋ ቁጥር አሩጡት፣ የክላውዱን ሪሊዝ ሊወጣ ሲል ብቻ። ከመክፈላችሁ በፊት ተጠቃሚዎቻችሁ የያዙት ስልክ ምን እንደሆነ አናሊቲክሱ ላይ እዩና ከክላውዱ የስልክ ዝርዝር ጋር አስተያዩት። አብዛኛው ቴክኖ ይዞ ዝርዝሩ ውስጥ እሱ ከሌለ፣ ያገለገለ ቴክኖ ገዝታችሁ ጠረጴዛ ላይ ብታስቀምጡ ይሻላችኋል።