አባታችሁን «የመድኃኒት ሙከራ ይግቡ» ካሏቸው

ዋሽንግተንና ሜሪላንድ ባሉ ሆስፒታሎች አማርኛ አስተረጉማለሁ። የፕሮስቴት ካንሰራቸው አጥንት ድረስ ለተሰራጨ አባት ሐኪሙ ክሊኒካል ትራያል (የመድኃኒት ሙከራ) ሲያነሳ፣ ልጆች ኮሪደር ላይ ይይዙኛል። «ካንሰር የምትለዋን ዝለያት፣ እባክሽ።» አልዘልም። ፎርሙን የሚፈርሙት አባት ናቸው። ያላወቁትን በሽታ ሕክምና እንዴት ይፈርማሉ? ከቀጠሮው በፊት ቤት ውስጥ ንገሯቸው። ከኔ አፍ ባይሰሙት ይሻላል።

ከዚያ ወረቀት ሰብስቡ። የፒኤስኤ (የፕሮስቴት የደም ምርመራ) እና የቴስቶስትሮን (የወንዴ ሆርሞን) ውጤት ከነቀኑ፣ ስካን፣ የወሰዱት መድኃኒት መቼ ተጀምሮ ለምን እንደቆመ። የዘረመል ምርመራ ተሠርቶ እንደሆነም ጠይቁ፤ አንዳንዱ ሙከራ ያለሱ አይቀበልም። ክፍት ሙከራዎችን ክሊኒካልትራያልስ ዶት ገቭ ላይ በነፃ ማየት ይቻላል። ቤተስዳ ያለው የኤንአይኤች (የአሜሪካ መንግሥት የጤና ምርምር ተቋም) ሆስፒታልም ቅርባችን ነው፤ እዚያ የሙከራው ሕክምና አያስከፍልም። ሌላ ቦታ ከሆነ ኢንሹራንሱ የቱን እንደሚሸፍን አስቀድማችሁ ጠይቁ።

«ስኳር እየሰጡ ሊጫወቱባቸው ነው» የሚል፣ መድኃኒት የሌለበት ክኒን የሚፈራ ዘመድ አይጠፋም። ሙከራው ስንተኛ ደረጃ ላይ እንደሆነ ጠይቁ። የመጀመሪያው ደረጃ መጠኑንና ጉዳቱን ያጠናል። ሦስተኛው ከተለመደው ሕክምና ጋር ያወዳድራል። ሉቴሺየም የሚባለው ጨረር አዘል መርፌ በ831 ሕመምተኞች ላይ ሲሞከር፣ መርፌው ያልደረሳቸውም የተለመደ ሕክምናቸው አልተቋረጠም። የመርፌው ወገን በሕይወት የቆየበት መካከለኛ ጊዜ (ሚዲያን) 15.3 ወር፣ የሌላው 11.3 ወር ሆነ። በ2022 አሜሪካ ፈቀደችው። አራት ወር ነው። ተአምር አይደለም፣ ግን አራት ወር ነው።

ፎርሙን ቤት ወስዳችሁ አንብቡ። አስተርጓሚ በነፃ ጠይቁ፤ ልጅ አያስተርጉም፣ ልጅ ያለሳልሳል። ጥቁር አዝሙድም ሆነ ከአገር ቤት የመጣ ሥራሥር ካለ ይነገር፣ ከመድኃኒቱ ጋር ሊጋጭ ይችላል። ጾምም እንዲሁ፤ አቢራቴሮን የሚባለው የፕሮስቴት ካንሰር ክኒን በባዶ ሆድ ሲዋጥ፣ አብሮት የሚሰጠው ፕሬድኒዞን ከምግብ ጋር ነው።

በጣም የሚያስቸግረኝ ይሉኝታ ነው። አባቶች ማቅለሽለሹን ዋጥ አድርገው «ደኅና ነኝ» ይላሉ፣ ሐኪሙ እንዳይቀየም። ሕመሙን መደበቅ ውጤቱንም ያበላሻል፣ እሳቸውንም ይጎዳል። በፈለጉት ቀን መውጣት መብታቸው ነው፤ ሌላው ሕክምናቸው አይነካም። ይህን እኔ ስነግራቸው ፈገግ ብለው ያልፉታል። እናንተ ደጋግማችሁ ንገሯቸው።

የሙከራውን አስተባባሪ ስልክ ፍሪጅ ላይ ለጥፉ። ሌሊት ትኩሳት ቢነሳ ደውሉ። ድንገተኛ ክፍል ከገቡም መጀመሪያ «ሙከራ ላይ ናቸው» በሉ።