በአብዛኛው ጥሬ ለመብላት፦ ከማጠቢያው ሳፋ ጀምሩ

ጥሬ አትክልትና ፍራፍሬ ላብዛ ስትሉ ሰው ሁሉ ስለ ቫይታሚን ያወራላችኋል። ስለ አስተጣጠቡ የሚነግራችሁ ግን እምብዛም አታገኙም። እሳት በቤታችን ሁለት ሥራ ይሠራል። ምግቡን ያበስላል፤ ከማሳው ተከትሎ የመጣውን ተሕዋስም ይገድላል። እሳቱን ስትተዉ ሁለተኛው ሥራ ወደ እጃችሁ ይመጣል። ለዚያ ጊዜ ከሌላችሁ ወጡን ብትበሉ ይሻላችኋል፤ ይህን ከልቤ ነው የምለው።

"በአብዛኛው" ስል ከማዕዳችሁ ግማሹ ወይም ትንሽ ከፍ ያለው ጥሬ ይሁን ማለቴ ነው። መቶ በመቶ ጥሬ አልመክርም። እ.ኤ.አ. በ1999 ጀርመን ውስጥ ጥሬ ብቻ ለረጅም ጊዜ የሚበሉ ሰዎች ላይ ጥናት ተደርጎ ነበር። ክብደታቸው ከልክ በላይ የወረደ ብዙ ነበሩ፤ ከ45 ዓመት በታች ካሉት ሴቶች ደግሞ 30 በመቶ ያህሉ የወር አበባቸው ተዛብቶ ወይም ጨርሶ ቀርቶ ነበር። ነፍሰ ጡር ከሆናችሁ፣ የካንሰር ሕክምና ላይ ካላችሁ፣ የስኳር መድኃኒት ወይም ደም የሚያቀጥን መድኃኒት የምትወስዱ ከሆነ መጀመሪያ ሐኪማችሁን አማክሩ። ለሕፃናት ይህን አመጋገብ አትሞክሩ።

አገዛዝ

ከጉሊት ስትገዙ ያልተቀጠቀጠ፣ ያልተሰነጠቀ ምረጡ። ለጀማሪ ጥሩዎቹ የሚላጡትና የሚገፈፉት ናቸው፦ ካሮት፣ ፓፓያ፣ ማንጎ፣ አቮካዶ፣ ሙዝ፣ ብርቱካን። ጥቅል ጎመንም የላይኞቹ ሁለት ሦስት ቅጠሎች ከተነሡ ውስጡ በአብዛኛው ንጹሕ ነው። አስቸጋሪው ሰላጣ ነው። ቅጠሉ የተጨማደደ ነው፣ ለአፈር ቅርብ ነው፣ አዲስ አበባ ውስጥ ደግሞ ብዙው በአቃቂ ወንዝና በገባሮቹ ዳር በቆሻሻ ውሃ ይለማል። ሰላጣ የሚያለማው ገበሬ ጥፋት የለበትም፤ ያገኘው ውሃ እሱ ነው። እኛ ግን ይህን አውቀን ማጠብ አለብን።

አስተጣጠብ

እዚህ ላይ አትቸኩሉ። ብዙ ሰው ሰላጣውን ሳፋ ውስጥ ነክሮ፣ ሎሚ ጨምቆ ወይም አቼቶ ጠብ አድርጎ ያወጣዋል። ሎሚና አቼቶ የባክቴሪያውን ብዛት ይቀንሱ ይሆናል፤ የወስፋትን እንቁላል ግን አይገድሉም። በረኪናም ቢሆን እንቁላሉን አይችለውም፣ የአሜባንም ጠንካራ ሽፋን ማለፍ ይከብደዋል። እነዚህን የሚያስወግዳቸው የሚፈስ ውሃና ጣት ነው። ስለዚህ ዋናው ነገር እሽታው ነው፤ በረኪናው ረዳት ነው።

ሰላጣውን ግንዱን ቁረጡና ቅጠል በቅጠል ለያዩት። የላይኞቹን ጣሉ። እያንዳንዱን ቅጠል በሚፈስ ውሃ ሥር ያዙና ሁለቱንም ገጽ በጣታችሁ እሹ፤ በተለይ ነጩን የታችኛውን ጫፍ፣ አፈሩ የሚደበቀው እዚያ ነው። ውሃ በፈረቃ ከሆነና ቧንቧው ካልመጣ በጆግ እያንቆረቆራችሁ እጠቡ። በአንድ ሳፋ ውሃ ሁሉን ማለቅለቅ ቆሻሻውን ከአንዱ ቅጠል ወደ ሌላው ማዛወር ነው።

ከዚያ በኋላ ነው በረኪናው የሚመጣው። ሽታም ቀለምም ያልተጨመረበት፣ መጠኑ 5 በመቶ ብሎ የተጻፈበት ከሆነ ለ4 ሊትር ውሃ አንድ የሻይ ማንኪያ ይበቃል። 15 ደቂቃ ዘፍዝፉት። ሱቅ ውስጥ በሃይላንድ ላስቲክ እየተቀዳ የሚሸጠውን ለምግብ አትጠቀሙበት፤ ምን ያህል እንደተበረዘ ማወቂያ የለውም። በረኪናን ከአቼቶም ሆነ ከሎሚ ጋር ፈጽሞ አታቀላቅሉ፤ ሳንባ የሚጎዳ ጋዝ ይወጣዋል። በመጨረሻ ፈልቶ በቀዘቀዘ ውሃ አለቅልቁትና በንጹሕ ጨርቅ አድርቁት። የደረቀ ቅጠል ፍሪጅ ውስጥ ጥቂት ቀን ይቆያል፤ እርጥቡ ግን ቶሎ ይሞጫሞጫል።

የሚላጠውንም ከመላጣችሁ በፊት እጠቡት። ቢላዋው ከልጣጩ ላይ ቆሻሻውን ወደ ውስጥ ይዞ ይገባል። ጥሬ ሥጋ የተከተፈበት መክተፊያ ላይ ሰላጣ አይከተፍም፤ ሁለት መክተፊያ ይኑራችሁ። ጁስ መጭመቂያ ግን አያስፈልጋችሁም። ውድ ነው፣ ለማጠብ አድካሚ ነው፣ የሚጠቅመውን አሰርም ይጥላል። ስል ቢላዋና ካሮት መፋቂያ ይበቃችኋል።

ጥሬውን የማይበሉት

ቦሎቄ፣ በተለይ ቀዩ፣ ተዘፍዝፎም ቢሆን ጥሬውን ክፉኛ ያስታውካል፤ በደንብ መፍላት አለበት። ጓያ ጥሬውንም፣ አብቅላችሁም አትብሉ፤ ሲዘወተር እግር ሽባ የሚያደርግ ነገር አለበት። ድንች ይቀቀል፣ አረንጓዴ የሆነው ይጣል። ተልባን እናቶቻችን ቆልተው የሚወቅጡት በምክንያት ነው፤ ጥሬው በሆድ ውስጥ ሳያናይድ የሚባል መርዝ የሚያመነጭ ነገር አለው፣ እሳት ይቀንሰዋል። ወተት ይፍላ። ጥሬ ሥጋ እንደምንወድ አውቃለሁ፤ ኮሶ የሚይዘን ግን ከእሱ ነው፣ ስለዚህ በዚህ አመጋገብ ውስጥ አልቆጥረውም።

በቆልት ለየት ያለ ጉዳይ ነው። ድፍን ምስር አጥባችሁ ሌሊቱን ዘፍዝፉ፣ ጠዋት አጥልሉና በሳሳ ጨርቅ በተሸፈነ ብርጭቆ አስቀምጡ፣ ጠዋትና ማታ በንጹሕ ውሃ አለቅልቁ። በሁለት ሦስት ቀን ይበቅላል። ችግሩ እህሉን የሚያበቅለው ሙቀትና እርጥበት ባክቴሪያንም ማራባቱ ነው። እ.ኤ.አ. በ2011 ጀርመን ውስጥ ከ50 በላይ ሰው የገደለው ወረርሽኝ የመጣው ከአብሽ በቆልት ነበር፤ እኛ ለወጥ ቅመም ከምናደርገው አብሽ። እኔ በቆልቱን ጥቂት ደቂቃ አፍልቼ ነው ሰላጣ ላይ የምጨምረው። ጥሬነቱ ቀረ ብዬ አላዝንም። ጥሬ ጥራጥሬ ካማራችሁ የሽምብራ እሸት በወቅቱ ግዙ።

ማዕዱን ማዘጋጀት

ጠዋት ፍራፍሬ ከለውዝ ጋር። ምሳ ላይ ሰፊ ሰሃን ሰላጣ፦ ጥቅል ጎመን፣ ካሮት፣ ቲማቲም፣ ቃሪያ፣ ሽንኩርት፣ ግማሽ አቮካዶ። ከጎኑ እንጀራና ምስር ወጥ ይኑር። የጤፉንና የምስሩን ብረት ሰውነታችሁ በደንብ እንዲወስደው የሚያግዘው በጥሬው ቃሪያና በሎሚው ውስጥ ያለው ቫይታሚን ሲ ነው። ቡናና ሻዩን ግን ከምግቡ አርቁት፤ የብረቱን መምጠጥ ይቀንሳል።

ዘይት አትፍሩ። ሰውነት ወደ ቫይታሚን ኤ የሚለውጠው የካሮት ቤታ ካሮቲን ያለ ስብ ወደ ደም አይገባም ማለት ይቻላል። ሲበስል የሚሻል አትክልትም አለ። የሐበሻ ጎመን አንዱ ነው፤ ቲማቲምም ላይኮፒኑን፣ ማለትም ቀይ ቀለም የሚሰጠውን ንጥረ ነገር፣ በቀላሉ የሚሰጠው በስሎ ነው። የኩላሊት ጠጠር ያለበት ሰው ጥሬ ቆስጣና ቀይ ሥር አያብዛ፤ ጠጠሩን የሚያባብስ ኦክሳሌት የሚባል ነገር አላቸው።

ቪታሚን ቢ 12 ከአትክልት አይገኝም። የተቀቀለ እንቁላል ወይም የፈላ ወተት የምትጠቀሙ ከሆነ ችግር የለም። በየጾሙ የምትጾሙና በፍስክም ከእንስሳት የሚገኝ የማትበሉ ከሆነ ግን እንክብሉን መውሰድ ያስፈልጋችኋል።

አሰር ያልለመደ ሆድ መጀመሪያ ይነፋል። በአንድ ሰላጣ በቀን ጀምሩ፣ በየሳምንቱ ጨምሩ፣ ውሃ ጠጡ፣ አኝኩ። መነፋቱ ቁርጠት፣ ተቅማጥ ወይም ትኩሳት ካስከተለ ግን ከመልመድ ጋር አይገናኝም። ከፋርማሲ ፍላጂል ገዝታችሁ ከመዋጣችሁ በፊት ጤና ጣቢያ ሄዳችሁ ተመርመሩ፤ የአሜባው መድኃኒት ለታይፎይድ አይሆንም።