ፍላተርን ከሪአክት ኔቲቭ ከማነጻጸርዎ በፊት ስልክዎን በገመድ ያገናኙ

ደብረ ብርሃን ላይ ሆነው የስልክ መተግበሪያ መሥራት ለጀመሩ አንድ ምክር ላካፍል። በዳርት ቋንቋ የሚጻፈውን የጉግል የመተግበሪያ መሥሪያ ፍላተርን፣ ፌስቡክ እ.ኤ.አ. በ2015 ይፋ ካደረገውና በጃቫስክሪፕት ከሚጻፈው ሪአክት ኔቲቭ ጋር ሲያነጻጽሩ፣ በቅድሚያ ማየት ያለብዎ የፍጥነት ሠንጠረዥ ሳይሆን መሣሪያዎቹ በራስዎ ላፕቶፕ ላይ የሚያሳዩትን ጠባይ ነው።

እኔ ሁለቱንም የሞከርኩት የመንዝ በግ የገበያ ዋጋ በሚመዘግብ ባለ አንድ ገጽ መተግበሪያ ነው። ስልክን ኮምፒውተር ላይ አስመስሎ የሚያሳየው ኢሙሌተር 8 ጊጋባይት ራም ያለውን ላፕቶፔን ስላንቀራፈፈው፣ እሱን ትቼ በስልኬ ላይ ዩኤስቢ ዲበጊንግን (ላፕቶፑ መተግበሪያውን በገመድ ስልኩ ላይ እንዲጭን የሚፈቅደውን ቅንብር) አብርቼ በገመድ አገናኘሁት፤ ከዚያም በፍላተር «ዋጋ» የሚለውን ጽሑፍ ቀለም ቀይሬ ሳስቀምጥ፣ ያስገባሁት ቁጥር ሳይጠፋ ለውጡ ወዲያው ስልኬ ላይ ታየ። ሪአክት ኔቲቭም ለዚሁ ፋስት ሪፍሬሽ የሚባል ዘዴ አለው።

ልዩነቱ ያለው ዝግጅቱ ላይ ነው። ሪአክት ኔቲቭን በኤክስፖ ጎ (ሥራን ስልክ ላይ በሚያሳይ መተግበሪያ) የሚጀምር ሰው አንድሮይድ ስቱዲዮ የተባለውን የአንድሮይድ መተግበሪያ መሥሪያ ፕሮግራም ሳይጭን፣ ስልኩንና ላፕቶፑን በአንድ ዋይፋይ አገናኝቶ ኪውአር ኮድ በማንበብ ብቻ ሥራውን ያያል፤ ዳታ ለሚቆጥብ ይህ ቀላል ነገር አይደለም። ፍላተር ግን ለአንድሮይድ ሲሠሩበት የአንድሮይድ ኤስዲኬ (የመተግበሪያ መገንቢያ መሣሪያዎች ጥቅል) ይፈልጋል፤ በመጀመሪያው ግንባታም መተግበሪያውን የሚገነባው ግሬድል የተባለ ፕሮግራም ብዙ ፋይል ስለሚያወርድ፣ ያንን መልካም ኢንተርኔት ባለበት ይጨርሱት። የጎደለ ነገር ካለ «ፍላተር ዶክተር» የሚለው ትእዛዝ ይነግርዎታል።

ጃቫስክሪፕት ለሚያውቅ እኔ ኤክስፖን እመርጥለታለሁ።