ከራዲዮ ካታሎግ ተነሥቶ የሩቅ ጋላክሲዎችን ዝግመተ ለውጥ ማጥናት

የጋላክሲዎችን ዝግመተ ለውጥ ለማጥናት የራስዎ የምልከታ ሰዓት አያስፈልግዎትም። በኒው ሜክሲኮ የሚገኘውና እያንዳንዳቸው 25 ሜትር ስፋት ያላቸውን 27 አንቴናዎች ያቀናጀው «ቬሪ ላርጅ አሬይ» ቴሌስኮፕ፣ «ኮስሞስ» የተባለውን የሰማይ ክፍል በ3 ጊጋኸርዝ ለ384 ሰዓታት ተመልክቶ የለያቸው የ10,830 የራዲዮ ምንጮች ካታሎግ ለሁሉም ክፍት ነው። ከአንቴና የሚወጣውን ጥሬ መረጃ ማጽዳት ራሱን የቻለ ከባድ ሙያ ስለሆነ፣ ጀማሪ ከካታሎጉ እንዲነሣ አጥብቄ እመክራለሁ።

ራዲዮ የሚመረጥበት ምክንያት አቧራ ነው። አዳዲስ ከዋክብት በብዛት የሚወለዱባቸው ጋላክሲዎች በአቧራ የተሸፈኑ በመሆናቸው የሚታየው ብርሃናቸው ሲታፈን፣ የራዲዮ ሞገድ ግን ሳይዳከም ያልፋል።

መጀመሪያ ርቀቱን ያግኙ። የእነዚህ ምንጮች የራዲዮ ጨረር መለያ ምልክት ሳይኖረው በድግግሞሾች ላይ የተዘረጋ ስለሆነ ቀይ ሽግግርን፣ ማለትም ዩኒቨርስ በመስፋቱ ሞገዱ የተለጠጠበትንና ርቀቱ የሚሰላበትን መጠን፣ አይናገርም፤ ስለዚህ እያንዳንዱን ምንጭ በዚያው ሰማይ ላይ ከተሠራ የኦፕቲካልና የኢንፍራሬድ ካታሎግ ጋር በቦታው ማዛመድ ይኖርብዎታል። «ቶፕካት» የተባለው ነፃ ሶፍትዌር ይህን በቀላሉ ይሠራል። ከ1 አርክ ሰከንድ (የአንድ ዲግሪ 3,600ኛ ክፍል) ያነሰ የማዛመጃ ርቀት ይበቃል፤ ምስሉ የሚለየው እስከ 0.75 አርክ ሰከንድ ነውና። ከዚያ የራዲዮ ቦታዎቹን ሁሉ ሆን ብለው በጥቂት አሥር አርክ ሰከንዶች አንሸራትተው እንደገና ያዛምዱ፤ በዚህ ጊዜ የሚገኘው ቁጥር በአጋጣሚ የሚፈጠረውን የሐሰት ዝምድና መጠን ያሳይዎታል።

ቀጥሎ ብርሃናዊ ኃይሉን ያስሉ። የሚታየውን ፍሰት (ወደ እኛ የሚደርሰውን የጨረር መጠን) በ4 ፓይና በብርሃናዊ ርቀቱ (ከቀይ ሽግግሩ በሚሰላው ርቀት) ካሬ ካባዙ በኋላ፣ ቀይ ሽግግሩ ላይ 1 ደምረው በ0.3 ኃይል ከፍ ባለው ቁጥር ያካፍሉ። ይህ የሚሠራው የጨረሩ ጥንካሬ ድግግሞሽ ሲጨምር በ0.7 ኃይል ይቀንሳል ተብሎ ሲወሰድ ነው። ማስተካከያው የሚያስፈልገው በቀይ ሽግግር 2 ላይ ያለ ጋላክሲ በ3 ጊጋኸርዝ ሲታይ፣ ጨረሩ ሲነሣ 9 ጊጋኸርዝ ስለነበረ ነው።

አሁን ጥናቱ የሚሰምርበት ወይም የሚበላሽበት ሥራ ላይ ደርሰናል። የራዲዮ ጨረር ሁለት ምንጭ አለው። አንደኛው፣ ግዙፍ ከዋክብት በሱፐርኖቫ ሲፈነዱ የሚፈጥኑት ኤሌክትሮኖች በመግነጢሳዊ መስክ ውስጥ ሲሽከረከሩ የሚለቁት ነው፤ ሁለተኛው በጋላክሲው እምብርት ያለው ግዙፍ ጥቁር ቀዳዳ ከሚተፋው ፍንጣቂ ይመጣል። ሁለቱ በካታሎጉ ውስጥ አንድ ዓይነት ቁጥር ሆነው ይታያሉ። ጥቁር ቀዳዳውን እንደ ከዋክብት ውልደት የቆጠረ አጥኚ፣ ከዋክብት መውለድ ያቆመን ጋላክሲ በዓመት መቶዎች ይወልዳል ሊል ይችላል። መለያው በኢንፍራሬድና በራዲዮ መካከል ያለው ጥብቅ ዝምድና ነው፤ ከዋክብት የሚያሞቁት አቧራ በኢንፍራሬድ ስለሚያበራ የሁለቱ ምጥጥን ከዋክብት በሚወልዱ ጋላክሲዎች ዘንድ ጠባብ ክልል ውስጥ ይወድቃል። ራዲዮው ከሚጠበቀው በግልጽ የበለጠበትን ምንጭ ለጥቁር ቀዳዳ ይመድቡት። ይሁንና ምጥጥኑ ራሱ ከቀይ ሽግግር ጋር በመጠኑ ዝቅ እንደሚል በዚሁ መረጃ ስለተለካ፣ አንድ ቋሚ ወሰን ለሁሉም ዘመን አይጠቀሙ። እኔ ብሆን የጊዜዬን ግማሽ ለዚህ ሥራ እሰጣለሁ።

ከዚህ በኋላ ምንጮቹን በቀይ ሽግግር ከፋፍለው በየክፍሉ ቁጥራቸውን ያነጻጽሩ። ሩቅ ሲሄዱ ደማቆቹ ብቻ ስለሚታዩ፣ ያለ እርማት የተሠራ ንጽጽር ጥንታዊው ዩኒቨርስ በኃያላን ጋላክሲዎች ብቻ የተሞላ ያስመስለዋል። ስለዚህ እያንዳንዱን ጋላክሲ፣ በካታሎጉ ወሰን ሊታይ በሚችልበት ትልቁ የጠፈር ይዘት አካፍለው ይቁጠሩት።

ውጤትዎ የከዋክብት ውልደት ከዛሬ 10 ቢሊዮን ዓመታት በፊት ገደማ ከፍተኛ እንደነበረ ካላሳየ፣ ወደ ምንጮቹ መለያ ይመለሱ። ካታሎጉ የማይነግርዎት ለከዋክብቱ መፈጠሪያ የሆነውን ጋዝ ነው። ለዚያ በ1420 ሜጋኸርዝ የሚገኘው የሃይድሮጅን መስመር (የሃይድሮጅን ጋዝ በዚያ ድግግሞሽ የሚለቀው ጨረር) ያስፈልጋል። እሱ ግን እጅግ ደካማ በመሆኑ፣ በ2016 ይፋ የሆነው የቀይ ሽግግር 0.376 ጋላክሲ መስመር በዚሁ ሰማይ ላይ የተለየው ከ178 ሰዓታት ምልከታ በኋላ ነበር።