የባለ ቱርቦ ናፍጣ ሞተር የጭስ ማኒፎልድ አቀያየር፦ በአዳማ ለሚሠሩ ባለቤቶችና መካኒኮች

ከአዳማ ተነሥቶ በመልካሳ፣ በዴራና በኢተያ በኩል ወደ አሰላ የሚወጣ ጭነት የያዘ መኪና ከ1,600 ሜትር ገደማ ከፍታ ጀምሮ ከ2,400 ሜትር በላይ ይደርሳል። በዚህ ዳገት ላይ የባለ ቱርቦ ናፍጣ ሞተር የጭስ ማኒፎልድ (ከሲሊንደሮቹ የሚወጣውን ጭስ ሰብስቦ፣ በጭሱ ኃይል እየዞረ አየር ወደ ሞተሩ ወደሚገፋው ቱርቦ የሚያስተላልፈው ብረት) ለረጅም ጊዜ በከፍተኛ ሙቀት ውስጥ ይቆያል፤ መኪናው አሰላ ደርሶ ሞተሩ ሲጠፋ ደግሞ በደጋው ብርድ በፍጥነት ይቀዘቅዛል። ይህ መስፋትና መኮማተር ለዓመታት ሲደጋገም ማኒፎልዱ ይሰነጠቃል፣ ይጣመማል፣ ወይም ከቴስታታው (ከሞተሩ የላይኛው ክዳን) ጋር የሚያያይዙት ብሎኖች ይበጠሳሉ። አሮጌውን አውጥቶ አዲስ መግጠም ያን ያህል ከባድ ሥራ አይደለም። ሥራው የሚዘልቀው ግን የሚገጣጠሙት ፊቶች ቀጥ ያሉ መሆናቸው ከተለካ፣ ብሎኖቹ ከታደሱና ቱርቦው ያለ ዘይት እንዳይዞር ጥንቃቄ ከተደረገ ብቻ ነው።

ከመፍታት በፊት ጉዳቱ በእርግጥ ከማኒፎልዱ መሆኑን ማረጋገጥ ያስፈልጋል። ዋናው ምልክት ሞተሩ ጠዋት በብርዱ ሲነሣ የሚሰማና ነዳጅ ሲሰጠው የሚፈጥን «ጭ ጭ ጭ» የሚል ድምፅ ነው። ሞተሩ ሲሞቅ ብረቱ ሰፍቶ ክፍተቱን ስለሚያጠብበው ድምፁ ይቀንሳል፤ አንዳንዴም ጨርሶ ይጠፋል። ይህን ድምፅ ከቫልቮላ (የአየርና የጭስ መክፈቻና መዝጊያ) ድምፅ ጋር አሳስቶ አላስፈላጊ ወጪ ማውጣት የተለመደ ስለሆነ፣ ቀዝቃዛውን ሞተር ሳያዳምጡ ውሳኔ ላይ አይድረሱ። ሙቀት መከላከያውን ላሜራ ካነሡ በኋላ በባትሪ መብራት ሲመለከቱ፣ ከጓርኒሲዮኑ (በማኒፎልዱና በቴስታታው መካከል ከሚገባው ማሸጊያ) ጠርዝ ተነሥቶ በቴስታታው ላይ እንደ ማራገቢያ የተዘረጋ ደረቅ ጥላሸት ካዩ ጭሱ የሚያመልጠው በዚያ ነው። ጥላሸቱ ካልታየ በቀዝቃዛው መጋጠሚያ ላይ የሳሙና ውኃ ረጭተው ሞተሩን ያስነሡ፤ አረፋው የሚያመልጥበትን ቦታ ያሳያል። ከዚህም ሌላ የጉልበት መቀነስ፣ ጥቁር ጭስና በጋቢናው ውስጥ የጭስ ሽታ መሰማት ተጨማሪ ምልክቶች ናቸው። ቱርቦው የሚዞረው በጭሱ ኃይል ስለሆነ፣ ከእርሱ በፊት የሚያመልጥ ጭስ በቀጥታ ከሞተሩ ጉልበት ላይ ይቀንሳል። በቺንጋ የሚዞር ሱፐርቻርጀር ባላቸው የቤንዚን መኪኖች ግን አየር የሚገፋው መሣሪያ ከጭሱ ጋር ስለማይገናኝ የግፊቱ መጠን አይነካም፤ በዚያ ፈንታ በስንጥቁ የሚገባው አየር የኦክስጅን ሴንሰሩን (በጭሱ ውስጥ ያለውን ኦክስጅን የሚለካውን መሣሪያ) ያሳስተዋል። የአፈታቱና የአገጣጠሙ ሥርዓት በሁለቱም በአብዛኛው ተመሳሳይ ነው።

የተሰነጠቀውን ማኒፎልድ አስበይዶ መመለስ ርካሽ መፍትሔ መስሎ ይታያል። ማኒፎልዱ የሚሠራው ግን በብዛት ቀልጦ ቅርጽ ውስጥ ከሚፈስ ብረት (ካስት አይረን) ነው፤ እንዲህ ያለው ብረት ቀድሞ በደንብ ካልሞቀ፣ ኒኬል ባለው ኤሌክትሮድ ካልተበየደና ቀስ ብሎ ካልቀዘቀዘ ከብየዳው አጠገብ እንደገና ይሰነጠቃል። በተለመደው ኤሌክትሮድ ሜዳ ላይ የተበየደ ማኒፎልድ በሚቀጥለው ዳገት ላይ መከፈቱ የማይቀር ስለሆነ፣ ገንዘቡን ለአዲስ ማኒፎልድ ወይም ጤናማነቱ ለተረጋገጠ ያገለገለ ዕቃ ማዋል ይሻላል።

ሥራው ግድግዳና ጣሪያ ባለው፣ ነገር ግን በሩ ተከፍቶ አየር በሚያስገባ ቦታ ይሠራ። የአዳማ ነፋስና አቧራ ለተከፈተ ቱርቦ ጠላት ነው፤ ወደ አየር ማስገቢያው የገባች ትንሽ ጠጠር በከፍተኛ ፍጥነት የሚዞሩትን ክንፎች ትጎዳለች። ስለዚህ ማንኛውም ቱቦ በተፈታ ቁጥር አፉ ወዲያውኑ በንጹሕ ጨርቅ ወይም በፕላስቲክ ይዘጋ፤ የተወተፉት ጨርቆች ስንት እንደሆኑም ይመዝገብ፣ ሲገጠም አንዱ ውስጥ እንዳይረሳ።

ከሥራው ቀን በፊት በነበረው ምሽት፣ ሞተሩ ከቀዘቀዘ በኋላ፣ ዳዶዎቹን ሁሉ ዝገት በሚፈታ ዘይት ያርሱና ይደሩ። በማግስቱ የባትሪውን ነጌቲቭ ገመድ ያላቅቁ። የአየር ማጣሪያውንና የኢንተርኩለሩን (ቱርቦው የገፋውን አየር የሚያቀዘቅዘውን ክፍል) ቱቦዎች፣ ቱርቦው በውኃ የሚቀዘቅዝ ከሆነ ውኃውን አፍስሰው የውኃ ቱቦዎቹን፣ ቀጥሎም የቱርቦውን የዘይት መስጫና መመለሻ ቱቦዎች፣ በመጨረሻም ወደ ማርሚታ (የጭስ ድምፅ ማፈኛ) የሚወርደውን ቧንቧ ይፍቱ። በየደረጃው በስልክ ፎቶ ማንሣት በኋላ ብዙ ክርክር ያስቀራል።

አሁን ትዕግሥት የሚፈተንበት ክፍል ይመጣል። የማኒፎልዱ ዳዶዎች ከሁለቱ ጫፎች ተነሥቶ ወደ መሐል በመምጣት ይፈታሉ። ባለ 6 ማዕዘን ቡሶላ (ዳዶው ላይ የሚጠለቅ ቁልፍ) ይጠቀሙ፤ ባለ 12 ማዕዘኑ የዛገ ዳዶን ጥግ ይበላል። ዳዶውን መጀመሪያ ለአፍታ ወደ ማጥበቂያው አቅጣጫ ጥቂት ገፋ ያድርጉት፣ ከዚያ ሩብ ዙር ይፍቱ፣ ዘይት ይጨምሩ፣ መልሰው ያጥብቁ፣ እንደገና ይፍቱ። አልንቀሳቀስ ያለውን ብቻ በኦክሲጅን እሳት ማሞቅ ይቻላል፤ ይህ ግን የናፍጣ ቱቦዎችና የኤሌክትሪክ ገመዶች ከተሸፈኑ፣ የረጩት ዘይት ከተጠረገና የእሳት ማጥፊያ በአጠገብ ከተቀመጠ በኋላ ነው።

ብዙ ጊዜ የሚበጠሱት የዳርና የዳር ብሎኖች ናቸው፤ ምክንያቱም በስሌት ይታያል። 40 ሴንቲሜትር ርዝመት ያለው ማኒፎልድ ሙቀቱ በ400 ዲግሪ ሴልሺየስ ሲጨምር ርዝመቱ ከ1.5 ሚሊሜትር በላይ ይጨምራል፤ በውኃ የሚቀዘቅዘው ቴስታታ ግን ከዚህ እጅግ ያነሰ ይሰፋል። ልዩነቱ ሁሉ የሚጠራቀመው በጫፎቹ ላይ ነው። ማኒፎልዱ ላይ ያሉት የዳር ቀዳዳዎች ሰፋ ወይም ሞላላ ተደርገው የተሠሩትም ለዚህ ስለሆነ፣ ሰፊ ናቸው ብሎ በቡሺንግ (በቀዳዳው ውስጥ በሚገባ ቀለበት) ማጥበብ የተሳሳተ ጥገና ነው።

ብሎኑ ከቴስታታው ፊት ጥቂት ወጣ ብሎ ከተበጠሰ፣ ቀዳዳው ከብሎኑ ትንሽ ሰፋ ያለ ዳዶ በጉቶው ላይ ተቀምጦ በመሐሉ ይበየድ። ዳዶው ከቀይ ወደ ጥቁር ተመልሶ መያዝ ሲጀምር በቁልፍ ቀስ እያሉ ወዲህና ወዲያ ያንቀሳቅሱት፤ የብየዳው ሙቀት ዝገቱን ስለሚሰብረው ብዙውን ጊዜ «ቅጭ» ብሎ ይለቃል። ከፊቱ በታች የተበጠሰውን ግን ልክ መሐሉን በቡሊኖ (በምልክት ማድረጊያ ሹል ብረት) መትቶ፣ በቀጭን መሰርሰሪያ ጀምሮ በቀጥታ መሰርሰር ያስፈልጋል። ቴስታታው አሉሚኒየም ከሆነና መሰርሰሪያው ከመሐል ካፈነገጠ ለስላሳውን ብረት ይበላዋል፤ ስለዚህ ልምድ የሌለው ሰው ይህን ሥራ ለቶርኖ ቤት ቢተው ይሻላል። ጥርሱ የተበላ ቀዳዳም በዚያው በክር ማስገቢያ ሊታደስ ይችላል።

ማኒፎልዱ ከወጣ በኋላ ቱርቦውን በጠረጴዛ ላይ ይለዩትና ዘንጉን በጣት ይፈትሹ። ወደ ጎን ጥቂት መነቃነቁ የተለመደ ሲሆን፣ ወደ ፊትና ወደ ኋላ በእጅ የሚሰማ ጨዋታ ካለው ወይም ክንፉ ቤቱን ከነካ ግን አዲስ ማኒፎልድ ላይ መግጠሙ ድካም ማባከን ነው።

ቀጥሎ ልኬቱ ይመጣል፤ በየጋራዡ በብዛት የሚዘለለውም ይህ ነው። የቴስታታውንና የሚገጠመውን ማኒፎልድ ፊት ያጽዱ፤ አሉሚኒየሙን በፕላስቲክ መፋቂያ እንጂ በግራይንደር አይንኩት፣ ዲስኩ ጉድጓድ ይሠራል፣ ብናኙም ወደ ሲሊንደሩ ይገባል። ቀጥ ያለ የብረት ማስመሪያ በርዝመትና በአግድም አስቀምጠው ፊለር ጌጅ በሚባሉት ቀጫጭን ቅጠሎች ክፍተቱን ይለኩ። የተፈቀደው ልክ በየሞተሩ ሰነድ ላይ የሚገኝ ሲሆን፣ እኔ 0.2 ሚሊሜትር ቅጠል የሚያስገባ ማኒፎልድ ሳይስተካከል እንዲገጠም አልፈቅድም። ይህ ከዕቃ መሸጫ ካርቶኑ ሳይከፈት ለመጣ አዲስ ዕቃም ይሠራል። አዲሱን ጓርኒሲዮን በቀዳዳዎቹ ላይ አስተኝተው የጭሱ መውጫ የትም እንዳልተሸፈነ ይመልከቱ።

ጓርኒሲዮኑ አዲስና አንድ ብቻ ይሁን። ሲሊኮን መቀባትም ሆነ ሁለት መደራረብ ለጊዜው ጸጥ ያሰኛል እንጂ የተጣመመ ፊትን አያቃናም፤ ይልቁንም የብሎኖቹን ጥብቀት ያላላል። ብሎኖቹና ዳዶዎቹ ለሙቀት በተሠሩ አዳዲሶች ይተኩ። ሁሉንም በእጅ ካስያዙ በኋላ ከመሐል ጀምረው ወደ ሁለቱ ዳሮች እየተፈራረቁ በ3 ደረጃ በቶርክ ሬንች (የማጥበቂያውን ኃይል በሚለካ ቁልፍ) ያጥብቁ። ለ8 ሚሊሜትር ብሎን ብዙውን ጊዜ ከ20 እስከ 30 ኒውተን ሜትር ይበቃል፤ ትክክለኛው ቁጥር ግን የሞተሩ ሰነድ ላይ ያለው ነው።

ቱርቦው ሲመለስ የዘይት ቱቦው የመዳብ ሮንዴላዎች ይቀየሩ፣ በዘይት መንገድ ላይም ሲሊኮን አይቀባ፤ የተላጠ ቁራጭ ጠባቡን ቀዳዳ ይዘጋል። በዘይት መግቢያው ንጹሕ የሞተር ዘይት ጠብ አድርገው ክንፉን በእጅ ያዙሩ። ውኃውን ሞልተው ባትሪውን ካገናኙ በኋላ፣ ሞተሩ እንዳይነሣ ነዳጁን አቋርጠው፣ የዘይት መብራቱ እስኪጠፋ ድረስ በአጫጭር ጊዜ ሞተሪኖውን (የሞተር ማስነሻውን) ያዙሩ። ከዚያ ነዳጁን መልሰው ያስነሡና ለጥቂት ደቂቃዎች ነዳጅ ሳይረግጡ ይተዉት። የተረፈው ዘይት ሲቃጠል መጠነኛ ጭስና ሽታ ይኖራል፤ ይህ ካልቆመ ወይም ዘይት ሲንጠባጠብ ከታየ ሞተሩ ይጥፋ።

ሙቀት መከላከያው ላሜራ ከነብሎኖቹ ሳይመለስ መኪናው ከጋራዥ አይውጣ፤ በአጠገቡ ያሉትን የጎማ ቱቦዎችና ገመዶች ከመቃጠል የሚጠብቃቸው እርሱ ነው። የመጀመሪያው ሙከራ ያለ ጭነት እስከ መልካሳ ደርሶ መመለስ ይሁን። በማግስቱ ጠዋት፣ ሞተሩ ፈጽሞ ከቀዘቀዘ በኋላ፣ አምራቹ የሚፈቅድ ከሆነ ዳዶዎቹን በዚያው ቁጥር እንደገና ይፈትሹና ሞተሩን አስነሥተው ያዳምጡ። የአሰላው ዳገት ከነጭነቱ የሚሞከረው ይህ ከተደረገ በኋላ ነው፤ አናቱ ላይ ሲቆምም ሞተሩ ከመጥፋቱ በፊት አንድ ሁለት ደቂቃ በዝግታ ይሥራ።